የእናቴን ድምፅ የመለሰልኝ ባለሙያ

ባለፈው እሑድ ማታ እናቴ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ስትቆጥር ሰማኋት። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ድምፅዋን እንደገና ያሰማኝ ሃያ ሁለት አካባቢ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ይህን የምጽፈው እሱን በአደባባይ ለማመስገንና እንደ እኔ የተንገላታችሁ ካላችሁ ወደ እሱ እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ያየሁትን ሁሉ ላጫውታችሁ።

በቤታችን ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ማታ ማታ እሠራበታለሁ፤ ትልቋ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ትከታተልበታለች፤ ትንሹ ይጫወትበታል። የእናቴ ድምፅም እዚያው ውስጥ ነበር። ከማረፏ በፊት በነበረው ክረምት ቡና እየጠጣን በስልኬ የቀዳኋቸው አርባ የሚሆኑ የድምፅ ቅጂዎች ናቸው። ተረት አለበት፣ የዘመድ አዝማድ ታሪክ አለበት፣ የጠላ አጠማመቋ ሳይቀር አለበት። ስልኩ ሲያረጅ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ከዓይኔ እንዳይርቅ ብዬ ዴስክቶፑ ላይ አስቀመጥኩት።

ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ሲጀምር አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የት እንደሆነ አልናገርም። በማግስቱ ስሄድ "ፎርማት አድርገነዋል፣ አዲስ ሆኗል" አሉኝ። ስከፍተው ዴስክቶፑ ባዶ ነው። "የነበረውስ?" ብዬ ብጠይቅ አንደኛው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ዊንዶውስ ሲጫን ሲ ላይ ያለው ይጠፋል፤ የታወቀ ነገር ነው" አለኝ። ሲ የሚሉት ዊንዶውስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም፣ የሚቀመጥበትን የዲስክ ክፍል ነው፤ ዴስክቶፑም እዚያው ነበር። ለማን ነው የታወቀው? "የሚፈልጉት ነገር አለ ወይ?" ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? ታክሲ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እናቴን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኳት ያህል ነበር።

ሁለተኛው ቤት ደግሞ "ችግሩ አለመከፋፈሉ ነው" ብሎ ዲስኩን አምስት ቦታ ቆራረጠው። ለዊንዶውስ የተሰጠው 60 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የሲ መስመር ቀላ። ልጄ ለትምህርቷ አንድ ፕሮግራም ልትጭን ስትል ቦታ የለም ይላታል፤ ከጎኑ ያሉት ክፍሎች ግን ባዷቸውን ተቀምጠዋል። ተመልሼ ስነግራቸው እንደ አዲስ ክፍያ ጠየቁኝ። ሦስተኛው ቤት ከነጭራሹ ሳይከፍተው "ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ" አለኝ። ያ ሞተ የተባለው ዲስክ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ውለታዋን አልረሳም። ቀድሞ ፒያሳ ነበር የሚሠራው፤ አካባቢው ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣው። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ወዲያው ይከፍተዋል ብዬ ስጠብቅ "መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ" አለኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ቤት ውስጥ ማን ማን እንደሚጠቀምበት፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስቀምጥ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ቀጥሎ "ቢጠፋ ተመልሶ የማይገኘው የትኛው ነው?" አለኝ። ሦስት ቤት ስዞር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እንባ ተናንቆኝ የእናቴን ነገር ነገርኩት።

አልዋሸኝም። እንደ እኔ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ነገር ብዙ ጊዜ ወዲያው እንደማይደመሰስ፣ የሚደመሰሰው ሌላ ነገር ሲጻፍበት እንደሆነ ነገረኝ። "እርስዎ ግን ብዙ ወር ሠርተውበታል። ተስፋ አልሰጥዎትም፤ እሞክራለሁ" አለኝ። ዋጋውን አስቀድሞ ተናገረ፤ ምንም ካልተገኘ እንደማያስከፍለኝም ጨመረበት።

በአራተኛው ቀን ደወለልኝ። ከአርባው 11 ተገኝተዋል! የተገኙትን በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ ነበር የጠበቀኝ። የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝና የመጀመሪያውን ከፈተልኝ። እናቴ ከመናገሯ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ትስል ነበር፤ ያቺ ሳል ተሰማች። ያን ጊዜ ልጁ ምንም ሳይል ተነስቶ ወጣ። በመስታወቱ ሳይ አንድ ደንበኛ ሊገባ ሲል በእጁ አስቆመው። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ዝናብ እያካፋ፣ እኔ ጨርሼ እስክነሳ ድረስ የራሱ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ስወጣ ትከሻው ርሶ ነበር። ይቅርታ ብለው "ይህ እኮ ቸኩሎ የሚሰማ ነገር አይደለም" አለኝ። የማን ልጅ ነው? ያሳደጉት እጆች ይባረኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ዲስኩን ማስተካከል የጀመረው። የገበሬ ልጅ ነው፤ "እኛ ቤት የዘር እህል ከሚበላው ጋር አይቀመጥም" አለኝ። ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ የሚበላው ናቸው፤ ቢያልቁ ይተካሉ። ፎቶው፣ ሰነዱ፣ የእናቴ ድምፅ ዘሩ ነው። ስለዚህ ለዊንዶውስ 250 ጊጋባይት፣ ለቤተሰቡ ዘር 350፣ ልጄ ለምትማርበት ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው) 200 መደበ። ዴስክቶፕና ዶክመንት የሚባሉት ማህደሮች ሳይቀሩ በቤተሰቡ ክፍል እንዲቀመጡ አደረጋቸው። አሁን የራሱ ክፍል ብቻ ተጠርጎ ዊንዶውስ አሥር ጊዜ ቢቀየር እነሱን አይነካቸውም። የተረፈውን 131 ለማንም ሳይሰጥ ተወው። "መሬቱን ሁሉ ዛሬ አንረሰው፤ የት እንደሚጠብ ኖረው ያዩታል" አለኝ። በልጄ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሎጂካል ቮልዩም የሚባል፣ ክፍሉን በኋላ ለማስፋት የሚመች አሠራር አለ፤ ለእሷ ሲያስረዳት ዓይኗ በራ፣ እኔ አልተከተልኩትም።

ቁጥሮቹን ስደምር 931 ሆኑብኝ። ስገዛው አንድ ቴራባይት፣ ማለትም 1,000 ጊጋባይት ነው ተብዬ ስለነበር ከቀደሙት አንዱ ሰርቆኛል ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ግን የማያውቃቸውን ሰዎች ደግፎ ተከራከረ። አምራቹ በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ እንጂ የጎደለ ነገር የለም አለኝ። የሌላውን ስም አጥፍቶ ደንበኛ መያዝ ይችል ነበር፤ አላደረገውም።

ሁሉም አልቆ ልከፍል ስል "ጎተራው ራሱ ቢቃጠልስ?" አለኝ። ለካ ክፍሎቹ ምንም ያህል ቢለያዩ ዲስኩ አንድ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የዘሩን ግልባጭ በውጭ ሃርድ ዲስክ አድርጌ ከቤቴ ውጭ እንዳስቀምጥ መከረኝ። እሱ ዘንድ የሚሸጥ ስላልነበረ እዚያው መንደር ካለ ሌላ ሱቅ ዲስኩን ገዝቼ መጣሁ፤ ገልብጦ ሰጠኝ። አሁን እህቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

እባካችሁ፣ ኮምፒውተራችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ወደ እሱ ሂዱ። አሁንም ደግሜ እላለሁ፣ ወደ እሱ ሂዱ። እዚህ ስሙንና ስልኩን እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አለ። ስትሄዱ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚያስቀምጥ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።