ልጅ ለማሳደግ አዲስ አበባ ወይስ ባሕር ዳር? ለቤት ገዢና ለተከራይ ቤተሰቦች የቀረበ ንጽጽር

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ባሕር ዳር ለመኖር የሚያስብ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ንጽጽሩን የሚጀምረው ከቤት ኪራይና ከጣና ዳር አየር ነው። ሁለቱም ክብደት አላቸው፤ ይሁን እንጂ ልጅ ላለው ቤተሰብ ሚዛኑን የሚደፋው የልጁ ዕድሜ፣ የጤናው ሁኔታና የወላጆቹ እንጀራ ከወዴት እንደሚገኝ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከወዲሁ ቢታወቅ ለአንባቢው ይበጃል፦ ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ጤናማ ልጆች ላሉት፣ ቢያንስ አንደኛው ወላጅ ሥራውን ይዞ መምጣት ለሚችል ቤተሰብ ባሕር ዳር ትበልጣለች፤ ልጁ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተቃረበበት ወይም የቅርብ የሐኪም ክትትል የሚያስፈልገው ቤተሰብ ግን ጉዞውን ቢያቆየው ይሻላል።

የልጁ ውሎ

በአዲስ አበባ የተማሪን ቀን የሚበላው መንገዱ ነው። ቤተሰቡ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ፣ የወላጆቹ መሥሪያ ቤት ደግሞ መሀል ከተማ ከሆነ፣ ልጁ ጎሕ ሳይቀድ ተቀስቅሶ ሰርቪስ ይጠብቃል፤ ማታ ደክሞ ሲመለስ የቤት ሥራውን እንደ ምንም ጨርሶ ይተኛል። ቅዳሜና እሑድም ቢሆን በብሎኮቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በመኪና ስለሚያዝ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሕፃን ውሎው ቴሌቪዥን ፊት ይሆናል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በሜዳ የተዘረጋች ከተማ ናት። ይህ ሜዳነቷ ለልጆች ያለው ጥቅም ከውጭ ሆኖ ለሚያያት ሰው ቶሎ አይታየውም። ብስክሌት እዚህ ሠራተኛውም ተማሪውም በየቀኑ የሚጓዝበት ነገር ስለሆነ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻውን ትምህርት ቤት ደርሶ ቢመለስ የሰፈሩ ሰው አይደነግጥም። ከፋሲሎ ወደ ሽምብጥ ወይም ከግሽ ዓባይ ወደ በላይ ዘለቀ በባጃጅ የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ልጆችም ምሳቸውን ቤታቸው ገብተው ይበላሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ልዩነት ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይኸው የምሳ ሰዓት ነው፤ ልጁን በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚያይ ወላጅ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን ብስጭትም ሆነ ደስታ ሳይበርድ ያገኘዋልና።

በዚህ ረገድ ቤት ፈላጊው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ከተማዋን ለሁለት ስለሚከፍላት፣ በምሥራቁ በኩል እየኖሩ ልጅን በምዕራቡ በኩል ማስተማር ለረጅም ዓመታት በአንዱ አሮጌ ድልድይ መጨናነቅ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ችግሩ በእጅጉ ቀሏል፤ ሆኖም ቤቱና ትምህርት ቤቱ ከወንዙ በአንድ ወገን ቢሆኑ አሁንም ይመረጣል።

ሐይቁን በተመለከተ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወላጆች ጣናን እንደ መዋኛ ገንዳ ባይቆጥሩት መልካም ነው። በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የብልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ ዓባይ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ አለ። የሐይቁ ጥቅም ዳርቻው ነው፤ የሰፋ አድማስ፣ ጥላ ያለው የእግር መንገድ፣ ወፍ፣ ታንኳ፣ ከዚያም ቤት የሚገባ ትኩስ የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ።

ጤና

የባሕር ዳር ደጋፊዎች አለባብሰው የሚያልፉት ጉዳይ ወባ ነው። በሀገራችን ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ያሉ አካባቢዎች በአብዛኛው ወባማ ናቸው፤ አዲስ አበባ በአብዛኛው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚህ ተርፋለች፤ ባሕር ዳር ግን አልተረፈችም። በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየቦታው በሚያቁርበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በግንቦትና በሰኔም ያገረሻል። በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ለበሽታው ምንም ዓይነት የተለማመደ መከላከያ ስለሌለው፣ የመጀመሪያው ዓመት ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትኩሳት ሲነሳ «ብርድ መትቶት ይሆናል» ብሎ ማሳደር አዲስ አበባ ላይ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ባሕር ዳር ላይ ግን ልጁ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ማግኘት አለበት። በዚህ ላይ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ አያቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ የሄደ ልጅ እዚያ ትኩሳት ቢይዘው ልጁ ከየት እንደመጣ ለሐኪሙ ሊነገረው ይገባል።

ይህ ሁሉ ቤት አመራረጥንም ይመለከታል። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች የክረምት ውኃ ቶሎ አይወርድም፤ ስለዚህ ቤቱን በበጋ ዓይቶ የወደደ ሰው በነሐሴ ተመልሶ የደጁን ቦይ ቢያየው አይቆጭም። መስኮቶቹ የሽቦ ወንፊት አላቸው ወይ፣ አልጋዎቹ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታ አላቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ልጅ ላለው ቤተሰብ ከሳሎኑ ስፋት ይቀድማል።

በሕክምና ተቋማት በኩል ባሕር ዳር ደካማ አይደለችም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሁለቱም የሕፃናት ሕክምና አላቸው፤ ለተለመዱት የልጅነት በሽታዎች፣ ለወሊድና ለድንገተኛ አደጋ ቤተሰቡን ከከተማ አያስወጡም። ልዩነቱ የሚታየው ጉዳዩ ሲከብድ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ወይም የካንሰር ክትትል ያለው ልጅ መድረሻው በአብዛኛው ጥቁር አንበሳና በአዲስ አበባ ያሉ ሌሎች ማዕከላት ናቸው፤ ጆይን የመሰሉ የኦቲዝም ማዕከላትም የሚገኙት እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ በየቀጠሮው ከባሕር ዳር ከሚመላለስ በአዲስ አበባ ጠባብ ቤት ቢኖር ይሻለዋል።

ትምህርት

በዝቅተኛ ክፍሎች ልዩነቱ ወላጆች የሚፈሩትን ያህል አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ሀገር አቀፍ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት ስለሆነ፣ ዳኛው ለሁሉም አንድ ነው። አዲስ አበባ የምትበልጠው በምርጫ ብዛት ነው፤ በውጭ ሀገር ሥርዓተ ትምህርት ለማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ሊሴ ገብረ ማርያምን ወይም ሳንፎርድን የመሰለ ትምህርት ቤት ባሕር ዳር ላይ ፈልጎ አይድከም። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና በ2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየምም ለአዲስ አበባ ልጅ ትልቅ ሀብቶች ናቸው፤ ምንም እንኳ ከከተማዋ ዳርቻ ተነሥቶ እነርሱ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቅዳሜ ቢጠፋም።

ባሕር ዳር በበኩሏ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ የተመሠረተው ፖሊ ቴክኒክና ከእርሱ በኋላ የተቋቋመው የመምህራን (ፔዳጎጂ) አካዳሚ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ የከተማው ሰው ዛሬም ፖሊና ፔዳ እያለ ይጠራቸዋል። ለልጆች ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ጎረቤቱ መምህር ወይም መሐንዲስ የሆነበት ሰፈር ብዙ ነው፣ በዩኒቨርሲቲው የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ) ማዕከልም ሳይንስ የሚወዱ ታዳጊዎች በእጃቸው እየሠሩ ይማራሉ። የግል ትምህርት ቤቶቹ ጥራት ግን ከአንዱ ወደ አንዱ በእጅጉ ይለያያል። ክፍያውን ከመጠየቅ በፊት መምህራኑ በዓመት ምን ያህል እንደሚቀያየሩ የሚጠይቅ ወላጅ የተሻለ መረጃ ያገኛል።

መንገድና ጸጥታ

ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 565 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሰላሙ ጊዜ የዓባይ በረሃን አቋርጦ በአንድ ቀን መድረስ የተለመደ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተፈጠረው ግጭት ግን ይህን ስሌት ቀይሮታል፤ የየብስ ጉዞው አስተማማኝነት ቀንሷል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ በክልሉ በርካታ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። ከተማዋ ከገጠሩ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ሥራዋን ብትቀጥልም፣ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህንን ወደ ጎን ትቶ ስለ ዘንባባ ጥላ ብቻ ሊያወራ አይገባም። ሥራው በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ወላጅ ወራት የሚቆይ መቋረጥ ቢመጣ ቤቱ በምን ይተዳደራል የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል። የአውሮፕላን ቲኬትም እንደ ድንገተኛ ወጪ ሳይቆጠር ከዓመቱ በጀት ውስጥ መግባት አለበት፤ አያቶች፣ ዕድርና ዘመድ አዲስ አበባ ከቀሩ ለሠርጉም ለልቅሶውም መንገዱ እርሱ ነውና።

መከራየት ይቅደም

ኪራይ በባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ይቀላል፤ የአስቤዛ ወጪም ጤፍና ዓሣ ከቅርብ ስለሚመጡ በመጠኑ ይረዳል። መብራትና ውኃ ግን በሁለቱም ዘንድ ይጠፋሉና በዚህ አይመረጥም። ሆኖም ቶሎ መግዛትን አልመክርም። አንድ ቤተሰብ የመስከረሙን ወባ፣ የመጋቢትና የሚያዝያን ሙቀት እንዲሁም የክረምቱን ዝናብ ኖሮ ካላየ ልጆቹ ይስማማቸው እንደሆነ አያውቅም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ በክልሉ በምን መልኩ እንደሚፈጸም ከክፍለ ከተማው ጠይቆ ውሉን ማስመዝገብ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ባይሸጠው ጥሩ ነው፤ በዕጣ አግኝቶት አምስት ዓመት ካልሞላውም መሸጥ አይችልም። አከራይቶት በገቢው ባሕር ዳር መኖር ለመመለስ የሚያስችል በር ክፍት ያደርግለታል፤ ይኸው አዋጅ ግን እርሱንም አከራይ አድርጎ እንደሚገዛውና ኪራዩን በፈለገ ጊዜ መጨመር እንደማይችል ልብ ይበል።

መግዛት የቆረጠ ሰው በቅድሚያ ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ይሁን ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ) ይለይ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ወደ ገዢው ይተላለፋል፤ ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ይህን መያዝ አለመያዙ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ቤቶች በማኅበር የተሠሩ ስለሆኑ፣ ካርታው በግለሰቡ ስም ወጥቷል ወይስ ገና በማኅበሩ ስም ነው የሚለው ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ደላላው ሳይሆን የከተማው መሬት አስተዳደር በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ከከተማዋም ወጣ ማለት

ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ፣ መሸንቲና ዘንዘልማ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ያሉ ሳተላይት ከተሞች ሲሆኑ፣ «ከወጣን አይቀር» የሚሉ ቤተሰቦች ዓይናቸውን ይጥሉባቸዋል። ዘንዘልማ በጎንደር መንገድ ላይ ያለና የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ የሚገኝበት ስለሆነ፣ ከአራቱ ለትምህርት ቤት ልጅ የሚመቸው እርሱ ነው። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ በቡና ደንና በጥንታዊ ገዳማት የተሞላ ልሳነ ምድር ነው፤ ለዕረፍት ቀን ከእርሱ የተሻለ አላውቅም፣ ነገር ግን ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ከዚያ ይዞ ሆስፒታል ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ ማሰብ ብቻ ለብዙ ወላጅ በቂ መልስ ነው።

በእነዚህ አካባቢዎች በርካሽ የሚቀርበው ቦታ ብዙውን ጊዜ የአርሶ አደር ይዞታ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ሻጩ የሚያሳየው የገጠር ይዞታ ደብተርም የመጠቀም መብቱን እንጂ የመሸጥ መብት አያረጋግጥም። በሽማግሌ ፊት በተፈረመ ወረቀት ገዝቶ የሠራ ሰው የሠራው በሰፈሩ አጠራር ጨረቃ ቤት ነው፤ ማፍረስ ሲመጣ ካሣ የመጠየቅ መብት አይኖረውም፣ ከሻጩም ገንዘቡን ማስመለስ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በሳተላይት ከተሞቹ መኖር የሚፈልግ ቤተሰብ በከተማው ፕላን ውስጥ ያለና ካርታ የወጣለት ቤት ካላገኘ፣ ተከራይቶ ይኑር።