ኖታችንን ሜዠር በሜዠር ቆጥረው ኮንሰርታችንን ላተረፉልን አባት

ይህን የምጽፈው ምስጋናዬ በሆዴ ብቻ እንዳይቀር ነው። ቪየናና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ሙዚቃ የምትጫወቱ ወይም ልጆቻችሁን ሙዚቃ የምታስተምሩ ሐበሾችም ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ ነው። ሰውዬው ያገለገለ የሙዚቃ ኖታ የሚሸጡ፣ የተቀደደውን የሚጠግኑ፣ የተሳሳተውን የሚያርሙ አዛውንት ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አይወዱም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። እኔ በልቤ «አባባ» ነው የምላቸው። እዚህም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የአማተር ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የምትተልቅ ባለ ገመድ መሣሪያ) እጫወታለሁ። ሐኪሙ፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው ሁሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ተሰብስበን እንለማመዳለን። እኔ ከመጫወቱ ሌላ የኖታ ኃላፊም ነኝ። ኖታ እገዛለሁ፣ አድላለሁ፣ እሰበስባለሁ። አንድ ወረቀት ከጎደለ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ነው።

ለዘንድሮው ኮንሰርት የመረጥነው የሞዛርትን 40ኛ ሲምፎኒ ነበር፤ ጂ ማይነሩን። ሞዛርት በራሱ የሥራ መዝገብ ላይ ጁላይ 25 ቀን 1788 ብሎ ያሰፈረው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በዚያው ጊዜ 39ኛውን ጁን 26፣ 41ኛውን ኦገስት 10 ብሎ መዝግቧል። ሦስት ሲምፎኒ እንዲህ ተከታትሎ ከአንድ ሰው እጅ መውጣቱ እስካሁን ይገርመኛል። 40ኛው ጥሩምባና ከበሮ የለውም። ፍሉቱም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደኛ ላለ አነስተኛ ኦርኬስትራ የሚመች ይመስላል።

ኖታውን ከኢንተርኔት ገዛሁ። ሻጩ «ሙሉ ስብስብ፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» ብሎ ነበር ያወጣው። ሲደርሰኝ የክላሪኔት ወረቀት የለበትም። ጎድሎ ነው ብዬ አሰብኩ። የክላሪኔቱን ከሌላ ቦታ አውርጄ አተምኩና ለሁለቱ ክላሪኔት ተጫዋቾቻችን ሰጠሁ። ችግሩን የፈታሁ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ጉድ ፈላ። ኦቦዎቹና ክላሪኔቶቹ (ሁለቱም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው) አንዱን ዜማ እኩል ያነሱታል። ለአንድ ሰው የተጻፈውን ለስላሳ መልስ ሁለት ሰው ይሻማበታል። ኮንዳክተራችን አስቆመን። የኦቦ ተጫዋቿ ወረቀቷን አንስታ አሳየችው፤ እውነትም ተጽፏል። ክላሪኔቱም አሳየ፤ የእሱም ተጽፏል። ኮንዳክተሩ «እሺ፣ ከሲ እንነሳ» አለ። ሲ የምትለዋ የልምምድ ፊደል (ከየት እንደምንነሳ ለመጠቆም ኖታው ላይ የምትቀመጥ ምልክት) በእሱ መጽሐፍ ላይ ያለችበትና በእኛ ወረቀት ላይ ያለችበት ቦታ አንድ አይደለም። ግማሻችን ከአንድ ቦታ፣ ግማሻችን ከሌላ ቦታ ተነሳን። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ለኮንሰርቱ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር።

አባባን የጠቆመችኝ ከጎኔ የምትቀመጥ የቪዮላ ተጫዋች ናት። በማግስቱ ሙሉውን ኖታ በቦርሳ ተሸክሜ ሄድኩ። ቤቱ ጠባብ ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ ኖታ ነው፤ መሬቱም ላይ ኖታ ነው። ችግሬን ነግሬ ሳልጨርስ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ባለ ክላሪኔቱ ነው ወይስ ያለ ክላሪኔቱ?»

ሁለት ዓይነት መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሞዛርት በመጀመሪያ ሲጽፈው ክላሪኔት አላስገባበትም። በኋላ ሁለት ክላሪኔት ጨመረና የኦቦዎቹን ድርሻ ደግሞ እንደገና ጻፈው። ኦቦዎቹ ይዘውት ከነበረው ዜማ ብዙውን ለክላሪኔቶቹ ሰጠ። የእኔ ስብስብ የመጀመሪያው ነው። ኮንዳክተሩ የያዘው ደግሞ የሁለተኛው። ምንም አልጎደለም ነበር! ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው አንድ ላይ የሰፋሁት።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። አንድ ተጫዋች ፊቱ የሚዘረጋው የራሱ ወረቀት ፓርት ይባላል። ኮንዳክተሩ የሚያየው፣ ሁሉም መሣሪያ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ የሚታይበት መጽሐፍ ደግሞ ፓርቲቱር ነው። በሃይድንና በሞዛርት ዘመን ሲምፎኒ ሲታተም በአብዛኛው የሚወጣው ፓርቱ ብቻ ነበር። ፓርቲቱር ብርቅ ነው። የሚመራውም ሰው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቫዮሊን ወንበር ወይም ከኪቦርዱ ላይ ሆኖ ነበር የሚመራው። የልምምድ ፊደሎቹም ቢሆኑ በኋላ አሳታሚዎች የጨመሯቸው ናቸው። ለዚህ ነው ከአንዱ እትም ወደ ሌላው የማይገጥሙት።

አባባ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እጃቸው ሥራ አልፈታም። ከመደርደሪያ ላይ የሁለተኛውን ቅጂ የነፊዎች ፓርት አወረዱልኝ። ከዚያ «የገመዶቹን ተይልኝና ሐሙስ ነዪ» አሉኝ። «ምን ሊያደርጉበት ነው?» ብላቸው «ልቆጥረው» አሉ።

ሐሙስ ስመጣ እያንዳንዱ ፓርት ላይ፣ በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ፣ በለስላሳ እርሳስ የሜዠር (በኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለች ክፍል) ቁጥር ተጽፏል። ፊደል አያስፈልግም፤ ኮንዳክተሩ ቁጥር ይጠራል፣ ሁላችንም እዚያው እንገኛለን። የመጀመሪያው ክፍል 299 ሜዠር ነው። ሁለተኛው፣ አንዳንቴ የሚባለው ዝግ ያለው ክፍል፣ 123። ሁሉም ፓርት ላይ ይኸው ቁጥር መውጣት አለበት አሉኝ፤ ዝም ብሎ የሚጠብቀውም መሣሪያ ላይ። አንዱ የሆርን ፓርት ላይ አንድ ሜዠር ጎድሏቸው ነበር። ሦስት ጊዜ ቆጠሩት። በመጨረሻ ያገኙት ረጅም እረፍት ላይ የተጻፈ ቁጥር በአንድ አንሶ መታተሙን ነው። እኛ ብንሆን ሆርን ተጫዋቹ መቁጠር አቃተው ብለን በተቀየምነው ነበር።

አንዳንቴውን ለምን እንዲያ አጥብቀው እንደቆጠሩት ደግሞ ነገሩኝ። ሞዛርት እዚያ ውስጥ አራት ሜዠር የእንጨት ነፊዎቹን ድርሻ ለውጦ በሌላ ወረቀት ላይ እንደገና ጻፋቸው። በፊተኛው ፈንታ እንዲገቡ ነበር። ገልባጮች ግን ፊተኛውንም አዲሱንም አስከትለው ገለበጡ። እንደዚያው ታተመ። ሰው ሁሉ አራት ሜዠር ትርፍ ሲጫወት ኖረ። የሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን በ1841 ይህ ቦታ ልክ አይመስለኝም ብሎ እስኪጽፍ ድረስ። የሞዛርት የእጅ ጽሑፍ በኋላ የሙዚቃ ደራሲው ብራምስ እጅ ገባ፤ ዛሬ እዚሁ ቪየና፣ ሙዚክፈራይን በሚባለው የኮንሰርት አዳራሽ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኛል። አባባ ከሱቃቸው አንድ አሮጌ እትም አውጥተው እነዚያን አራት ሜዠሮች በጣታቸው አሳዩኝ። «ያንቺ ከዚህ ነፃ ነው። ግን ሳልቆጥር ከቤቴ አላስወጣም» አሉ።

ስለ ቤቶቨን 5ኛ ሲምፎኒም አጫወቱኝ። ይህንን ደግሞ ሲናገሩ ፊታቸው ይለወጣል። ፓርቶቹ በ1809 ላይፕዚግ ታተሙ። ቤቶቨን በኦገስት 1810 ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፈ፤ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ሜዠር ትርፍ አለ፣ ይውጣ ብሎ። አልወጣም። ፓርቲቱሩ በ1826 ሲታተምም ሁለቱ ሜዠሮች እዚያው ነበሩ። በዓመቱ ቤቶቨን ሞተ። በ1846 የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን አኸን ከተማ ላይ ሲመራ አውጥቷቸው አስጫወተ፤ አሳታሚውም ያን ደብዳቤ ያኔ ይፋ አደረገ። 36 ዓመት! «እሱ ራሱ ጽፎ ለምኗቸው ነበር እኮ» አሉ አባባ፣ ትናንት የሆነ ያህል እያዘኑ።

እንዴት ይህን ያህል ሊቆረቆሩ እንደቻሉ የገባኝ ቆይቶ ነው። በወጣትነታቸው ላይፕዚግ ውስጥ የኖታ ቀራጭ ነበሩ። ኮምፒውተር ሳይመጣ ኖታ የሚታተመው ከለስላሳ የብረት ሰሌዳ ላይ ነበር። አንዱን ሰሌዳ አስቀርተውታል፤ አውጥተው ሰጡኝ። ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ ነው፣ ከቁመናው በላይ ይከብዳል። ሁሉም ነገር እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው የተቀረጸው። ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። አምስቱ መስመሮች ባለ አምስት ጥርስ በሆነ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይሰመራሉ። የኖታው ራስ፣ ቁልፉ፣ ዳይዙ ሁሉ የየራሱ የብረት ማኅተም አለው፤ እያንዳንዷ በመዶሻ አንድ ጊዜ ትመታለች። ከተሳሳቱ ሰሌዳውን ገልብጠው ከጀርባው ቀስ እያሉ መትተው ጉድጓዱን ያነሱታል፤ ይልጉታል፤ እንደገና ይቀርጻሉ። አንድ ቦታ ላይ ጣቴን አስያዙኝ። ከፊት ለፊት ምንም አይታይም። ከጀርባው ግን የመዶሻው ምልክት አለ። «ይቺ የኔ ስህተት ናት» አሉኝ።

እኔ አዲስ አበባ ሙዚቃ ስማር የነበረን ኖታ የኮፒ ኮፒ ነበር። በሞዛርት ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ ትልቅ ነገር ናት፤ ኖታውን አጭር አድርገህ ምታ ትላለች። በኮፒው ላይ ግን ነጥቧና የማሽኑ ቆሻሻ አይለዩም። የጠፋም ነጥብ ነበር፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅም ነበር። ያለውን አንብበን እንጫወታለን። ስለዚህ አባባ በማጉያ መነጽር አጎንብሰው «ይቺ ነጥብ ናት ወይስ የወረቀቱ ጉድፍ?» ሲሉ ስሰማ ከአንጀቴ ነው የተሰማኝ። የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖረን ብዬ ተመኘሁ።

ሌላም አለ። ከአዲስ አበባ ይዣት የመጣኋት ኦይለንቡርግ የሚባለው አሳታሚ ያወጣት አንዲት የኪስ ፓርቲቱር ነበረችኝ፤ ያቺ ቢጫ ሽፋን ያላት። የሃይድን ናት፣ 104ኛው። ሙጫዋ ደርቆ ቅጠሎቿ ይረግፉ ነበር። አባባ ጀርባዋን ፈቱት፤ የተቀደዱትን ጠርዞች በሥሥ የጃፓን ወረቀት ደገፉ፤ ከዚያ በነጭ ክር ሰፏት። ሽፋኑን አልቀየሩም። የኔ የድሮ የእርሳስ ጽሑፍ፣ በአማርኛ «እዚህ ተንፍሺ» ያልኩት ሳይቀር እንዳለ ነው። ላጥፋው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር እኮ። አሁን ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋት ተዘርግታ ትቀመጣለች።

ይህን ሁሉ ሠርተው የጠየቁኝ ገንዘብ ከአንድ ጥሩ ምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። እንዲያውም አንድ ቀን ፓርቲቱር ልገዛቸው ስል ከለከሉኝ። «ለማጥናት ብቻ ከሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ፤ የሳልዝቡርጉ የሞዛርት ተቋም፣ የሞዛርቴም፣ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለልሽ» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሞዛርት ሥራዎች አዲሱ ሙሉ እትም ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የ40ኛው ሲምፎኒ ሁለቱም ቅጂ አለበት። ሱቅ ያለው ሰው ደንበኛውን ሂድ ብሎ ወደ ነፃው ሲልክ እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ኮንሰርታችን አለፈ። አንዳንቴው ላይ ክላሪኔቱ ዜማውን ብቻውን ሲያነሳ፣ ኦቦዋ መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አሳርፋ ስታዳምጠው አየኋት። አባባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያበቃ መጥተው ያሉኝ «123 ነው፤ ቆጥሬያለሁ» ነው። እጃቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው። እድሜና ጤና ይስጥልን።

የምትሄዱ ካላችሁ እነዚህን አስተውሉ። የስልክ ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ወረቀቱን ራሱን ውሰዱ። እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ያለችውን ትንሽ የሰሌዳ ቁጥር ያያሉ፤ እትሙን የሚለዩት በእሷ ነው። ፓርትና ፓርቲቱር ካላችሁ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ። የቸኮለ ሥራ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ጀርመንኛችሁ ደካማ ከሆነ አትፍሩ፤ በትዕግሥት ይሰማሉ፣ ካስፈለገም እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። የኛን ቡና ቆልቼ ወስጄላቸው በጣም ወደውታል። ጠዋት ከአራት ሰዓት ጀምሮ ይገኛሉ። ሰኞ ዝግ ነው።