ለአሮጌ ቮልስ የውስጥ ቀለም የሚያዛምድ ቤት በአዳማ

አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ የአሮጌ መኪናን የፋብሪካ ቀለም በጥንቃቄ የሚያዛምድ አንድ ትንሽ የቀለም ማደባለቂያ ቤት አለ። ባለቤቱ ከአቅማቸው በላይ ሥራ እንዳይመጣባቸው ስለጠየቁኝ ስሙን አልጽፍም። ሆኖም ደጁ ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁት ቀለም የተቀቡ የላሜራ ቁራጮች ለሚፈልገው ሰው በቂ ምልክት ናቸው። የቮልሴን የውስጥ ቀለም ያሠራሁት እዚያ ነው፤ ሥራው ከጠበቅሁት በላይ ስላረካኝ፣ ያልወደድሁትንም ጨምሬ በዝርዝር እጽፋለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ስትሆን የገዛኋት ከአንድ ጡረተኛ መምህር ነው። በዚያ ዘመን የነበረች ቮልስ የውስጥ ቀለሟ ከውጭው ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ዳሽቦርዷ ራቁቱን የሚታይ ላሜራ ነው፣ የበሮቿ የመስኮት ዙሪያም እንዲሁ፣ ሁሉም በአካሏ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ስለዚህ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ዓይኑ የሚያርፈው በዚሁ ቀለም ላይ ነው። የእኔዋ በተለያየ ጊዜ ነጭና ቡና ዓይነት ተቀብታ ስለነበር፣ መጀመሪያ ምን እንደነበረች ያወቅሁት የሲጋራ መተርኮሻውን ስስበው ከጀርባው ባገኘሁት ሰማያዊ ነው። ከዓመቱ ሰማያዊ ቀለሞች መካከል ሲ ብሉ የሚባለው፣ የፋብሪካ ኮዱ ኤል 360፣ ጠቆር ያለ ነው፤ የእኔ ግን ፈዘዝ ያለ በመሆኑ ባሃማ ብሉ፣ ማለትም ኤል 519 መሆኑ አላጠራጠረኝም።

ኮዱን ማወቅ ቀለሙን ማግኘት መስሎኝ መጀመሪያ ወደ ሌላ ቤት ሄድሁ። እዚያ የስልኬን ፎቶና ፓራፋንጎውን አንድ ጊዜ በዓይናቸው አይተው፣ በነጭ ፍሎረሰንት መብራት ሥር አደባልቀው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣሳውን አስረከቡኝ። ሱቁ ውስጥ ከናሙናው ጋር አንድ ይመስል የነበረው ቀለም ዳሽቦርዱ ላይ ተረጭቶ እኩለ ቀን ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ወይን ጠጅ አዘነበለ። የዚህ ምክንያት የታወቀ ነው፤ ሁለት ቀለሞች በተለያዩ ማቅለሚያዎች ሲሠሩ በአንዱ ብርሃን ፍጹም ተመሳስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። የዛሬ ማቅለሚያዎች ከስድሳ ዓመት በፊት ከነበሩት ብዙ የተለዩ በመሆናቸው፣ አሮጌ መኪና ላይ ይህ ችግር ይብሳል። ያንን ቅብ በብርጭቆ ወረቀት ለማንሣት ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀብኝ።

አሁን የምጽፍለት ቤት ባለቤት ግን ገና ኮዱን ስጠራላቸው፣ «ልጄ፣ ቁጥሩ መነሻ ነው፤ ዕቃውን አምጣልኝ» አሉኝ። እኔም የዳሽቦርዱን ሣጥን ክዳንና የመተርኮሻውን ፊት ፈትቼ ወሰድሁላቸው። ክዳኑ ላይ ከኋለኞቹ ቅቦች የተረፈ አንድ የድሮ ቀለም ጥግ ነበር። እርሳቸው በለስላሳ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ ነክተው ያንን ጥግ፣ የአምስት ሳንቲም ስፋት በምታህል ቦታ ላይ፣ በዝግታ አሹት። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ተነሣ። ይህም የፋብሪካው ቅብ ከላዩ ቫርኒሽ የሌለው አንድ ወጥ ኢናሜል (ሲደርቅ የሚጠነክር አንጸባራቂ ቀለም) መሆኑን አረጋገጠ፤ የደበዘዘው ቆዳ ሲነሣም ከሥሩ የነበረው ደማቅ ቀለም ወጣ። ብዙ ቀለም ቀቢዎች የደበዘዘውን ገጽ እንዳለ ስለሚያዛምዱ፣ ውጤቱ የመኪናው ሳይሆን የእርጅናው ቀለም ይሆናል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ቀጥሎ ያሳዩኝ ነገር ነው። ከፀሐይ የተሰወረ ቦታ ሁሉ እውነተኛውን ቀለም ይጠብቃል ብዬ አምን ነበር፤ ለዚህም የፍጥነት መለኪያውን ከፊት ኮፈኑ በኩል ፈትቼ የቀዳዳውን ዙሪያ፣ ከዚያም የመያዣ እጀታውን እግር ሥር ተመልክቼ ነበር። ሁለቱም ቦታዎች ላይ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር። እርሳቸው እንዳስረዱኝ፣ የድሮ ኢናሜል ሙጫው ዘይት ስላለበት ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፤ ነጭ መኪና ላይ ክሬም ያስመስለዋል፣ ሰማያዊ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ያመጣል። ብርሃን ሲያገኝ ግን ይህ ቢጫነት በከፊል ይመለሳል። ስለዚህ የክዳኑን የውስጥ ገጽ ወደ ብርሃን አዙረው መስኮታቸው ላይ አንድ ሳምንት አስቀመጡት። ስመለስ አረንጓዴው ቀንሶ፣ በፖሊሽ ከታሸው የፊት ጥግ ጋር ተቀራርቦ ነበር፤ ናሙናቸውን ያዛመዱትም በሁለቱ መካከል ነው። ይህን የሚያውቅና ለማወቅም አንድ ሳምንት የሚታገሥ ባለሙያ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

አደባላለቃቸውም እንዲሁ ነው። ጣሳውን ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ ከኮዱ ባገኙት ቀመር ጀምረው፣ ጥቁሩን በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠብታ በጠብታ ይጨምራሉ፤ የእያንዳንዱንም ግራም ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እርጥብ ቀለምን ከደረቀ ጋር አያነጻጽሩም፤ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ናሙናውን ላሜራ ላይ ረጭተው ያሳድሩታል። የላሜራው መሠረት ዳሽቦርዱ ላይ የሚረጨው ያው ግራጫ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቅብ) መሆን አለበት፤ ስስ ቅብ የሥሩን ቀለም ያሳያልና። ከዚያ ናሙናውን ከክዳኑ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ አገናኝተው ጠዋት በጥላ፣ እኩለ ቀን በፀሐይ፣ ማታ ደግሞ በአምፖል ብርሃን ያዩታል። የእኔ በአራተኛው ሙከራ ጸደቀ። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱን ጠርዝ ሳይ መገናኛው መስመር ባይኖር ኖሮ የትኛው አዲስ እንደሆነ አልለይም ነበር።

አንጸባራቂነቱን በተመለከተ ከላዩ ቫርኒሽ እንዳላስረጭ አጥብቀው መከሩኝ። ዛሬ የተለመደው ባለ ሁለት ንብርብር አሠራር ዳሽቦርዱን መስታወት ስለሚያስመስለው፣ ቀለሙ ትክክል ቢሆንም ዓይን አዲስነቱን ወዲያው ይይዛል። ሃርድነር (ቀለሙን የሚያጠነክር ፈሳሽ) የሚቀላቀልበትና ያለ ቫርኒሽ የሚያልቅ ቀለም ሰጡኝ፤ ከደረቀ በኋላ በትንሹ ፖሊሽ ሲደረግ ለድሮው ቅርብ የሆነ ለስላሳ ድምቀት ያዘ።

ርጭቱን እዚያ አላሠራሁም፣ ለማንም አልመክርምም። የተዘጋ የመርጫ ክፍል የላቸውም፤ አዳማ ደግሞ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት፣ ከረፋዱ በኋላ የሚነሣው አቧራ እርጥብ ቅብ ላይ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያሻም። ዳሽቦርዱን ጋራዤ ውስጥ፣ ወለሉን ውኃ ረጭቼ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ጀምሬ ረጨሁት። በሙቀቱ ምክንያት በቶሎ የሚተን ቲነር ቀለሙን አየር ላይ እንዳያደርቅብኝ ቀስ ብሎ የሚተነውን መርጠው ሰጡኝ፤ ይህ ምክር ብቻውን ብዙ ብርጭቆ ወረቀት አድኖልኛል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከባድ ነው፤ ሃርድነሩን ሲሸጡልኝ ስለ አፍ መሸፈኛ ምንም አልነገሩኝም። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባን የሚጎዳ በመሆኑ ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃውም፤ የድሮው ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ከመፈግፈግ ይልቅ በውኃ እያረጠቡ መፈግፈግ ይሻላል። ይህን ከጣሳው ጋር ሊነግሩ ይገባ ነበር። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ የወሰድሁት ግማሽ ሊትር ለዳሽቦርዱ በቅቶ ለበሮቹ የመስኮት ዙሪያ አልበቃም፤ በዚያው ቀመር እንደገና የተደባለቀው ጣሳ በጥቂቱ ጠቆር አለ። በቀኝ በኩል ያለው የመስኮት ዙሪያ በጎን ሲታይ ልዩነቱ ለእኔ ይታወቀኛል። መጠኑን አስቀድመው ቢጠይቁኝ ኖሮ ሁሉም ከአንድ ጣሳ ይሆን ነበር።

ዋጋው ተደባልቆ ከሚሸጥ ተራ ቀለም እጥፍ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱም ሙከራ ይታሰባል። በስልክ ሥራ አይቀበሉም፣ ዕቃውን ያልያዘ ሰውንም መልሰው ይልካሉ። የሚሄድ ሰው ከመኪናው የሚፈታ፣ የድሮው ቀለም ያለበት አንድ ዕቃ ይያዝ፤ ሊትሩንም ለዳሽቦርዱ፣ ለበሮቹና ወደፊት ለሚጫር ቦታ ጭምር አስልቶ በአንድ ጊዜ ያስደባልቅ፤ ሲጨርሱም ግራሞቹ የተጻፉበትን ገጽ ቅጂ ይጠይቅ። የእኔ ቅጂ አሁን ከስኮርታው ጎማ አጠገብ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።