ዛንታን፣ ጌላን ወይስ ሃያሉሮኒክ አሲድ? ከባክቴሪያ የሚገኙ ፖሊሳካራይዶች ንጽጽር ለገዢዎች

ባክቴሪያዎች የሚሠሯቸው ፖሊሳካራይዶች (ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች) አብዛኞቹ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ዱቄት ሆነው ስለሚመጡ በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው ባክቴሪያው ስኳሮቹን እርስ በርስ ያያያዘበት መንገድ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሥራውን ይለዩ፦ የሚፈለገው ፈሳሽ እንዲወፍር ነው፣ እንዲረጋ ነው ወይስ ወደ ሰውነት እንዲገባ?

ለማወፈር ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ዛንታን (በምግብ ተጨማሪዎች መለያ ቁጥር ኢ415) ነው። ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ የተባለው ባክቴሪያ ግሉኮስ ወይም ሱክሮስ እየተመገበ፣ አየር እየተነፋለት፣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያመርተዋል። ጋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በወፈረ ቁጥር ኦክስጅን ለሴሎቹ መድረስ ያቅተዋል፤ ምርቱ ከፈሳሹ ጥቂት በመቶ ብቻ ሆኖ የሚቀረውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዛንታኑ ከዚያ በአልኮል ተለይቶ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ለወጪው ትልቅ ድርሻ ያለውም ይህ የማውጣት ሥራ ነው።

ዛንታን በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፤ አሲድና ጨውም እምብዛም አይጎዱትም። ሲያማስሉት ይቀጥናል፣ ሲተዉት ወዲያው ይወፍራል። ሶስ ከጠርሙሱ በቀላሉ ወርዶ ምግቡ ላይ ሳይፈስ የሚቆየው በዚህ ጠባዩ ነው። ለአብዛኛው ሥራ ከ0.1 እስከ 0.5 በመቶ ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ አፍ ላይ ይዝለገለጋል።

ዋናው ችግር መቋጠሩ ነው። ዱቄቱ ውሃ እንደነካ ላዩ ይረጥብና ውስጡን ይዘጋዋል፤ መሃሉ ደረቅ የሆነ እብጠት ይቀራል፣ የታሰበው ውፍረትም አይገኝም። መፍትሔው ዱቄቱን አስቀድሞ ከ10 እጥፍ ስኳር ጋር በደረቁ ማዋሃድ ወይም በዘይት መበጥበጥ፣ ከዚያም በኃይል እየተማሰለ ባለ ውሃ ላይ በቀስታ መነስነስ ነው። የዱቄቱ ልቀትም እዚህ ላይ ይወስናል (የሚለካው በወንፊት ቁጥር፣ በሜሽ፣ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዱቄቱ ይልቃል)፦ 200 ሜሽ ቶሎ ይሟሟል፣ ቶሎም ይቋጠራል፤ 80 ሜሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ በቀላሉ ይበተናል። ማማሰያዎ ደካማ ከሆነ 80ውን ይምረጡ።

አቅራቢዎችን ለማወዳደር የሚያገለግለው ቁጥር 1 በመቶ ዛንታን በ1 በመቶ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ተሟሙቶ የሚለካው ውፍረት ነው። የውፍረት መለኪያው ማሽን የሚሽከረከርበት ፍጥነት ካልተጻፈ ግን ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ዛንታን እንደ ፍጥነቱ ይቀጥናልና። ቀመርዎ ውስጥ ሲኤምሲ (ከሴሉሎስ የሚሠራ ሌላ ማወፈሪያ) ካለ ከሴሉሌዝ ኢንዛይም ነጻ የሆነውን ዛንታን ይጠይቁ፤ የኢንዛይሙ ቅሪት ሲኤምሲውን እየቆራረጠ ምርቱን መደርደሪያ ላይ ያቀጥነዋል። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ምግብ ማወፈሪያ ግን ዛንታንን አይምረጡ፤ ከከባድ የአንጀት ሕመም ጋር በተያያዘ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበታል።

ዛንታን ብቻውን አይረጋም። ለማርጋት ስፊንጎሞናስ ኤሎዴያ የተባለው ባክቴሪያ የሚሠራው ጌላን (ኢ418) ይሻላል፤ ይሁንና ጆንያው ላይ “ጌላን” ተብሎ መጻፉ አይበቃም። ዓይነቶቹ የሚለዩት ሰንሰለቱ ላይ በተንጠለጠሉት አሲል የሚባሉ ትናንሽ ኬሚካላዊ ቡድኖች ብዛት ነው። ከፍተኛ አሲል ያለው ለስላሳና የሚለጠጥ ጄል ይሠራል፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ እያለ መርጋት ይጀምራል። ዝቅተኛ አሲል ያለው ጥርት ያለ፣ ጠንካራና ተሰባሪ ጄል ይሰጣል፤ የሚረጋውም በጣም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ ያውም ካልሲየም ወይም ሌላ የማዕድን ጨው ሲያገኝ። ለመጠጥ የመጀመሪያውን ይውሰዱ፦ ከ0.02 እስከ 0.05 በመቶ ብቻ የካካዎ ዱቄት እንዳይዘቅጥ ያደርጋል፣ መጠጡንም እንደ ዛንታን አያወፍረውም። ለዕፅዋት ሕዋስ ማሳደጊያ ደግሞ ሁለተኛው ይሻላል፤ ጥርት ያለ ስለሆነ ሥሩ በግልጽ ይታያል።

ዝቅተኛ አሲል ጌላን ማዕድን በበዛበት ውሃ ውስጥ ሳይሟሟ ይቀራል። ሶዲየም ሲትሬት አስቀድመው ጨምረው እስከ 90 ዲግሪ ያሙቁት፤ ካልሲየሙን የሚጨምሩት ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ፣ ገና ትኩስ እያለ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሸዋ አሸዋ የሚል ጄል ያገኛሉ።

ወደ ሰውነት ሊገባ የሚችለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ቀድሞ ከአውራ ዶሮ ኩክኒ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚመረተው በስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ ነው። ይህ ባክቴሪያ በሽታ አምጪ ስለሆነ የማጣሪያው ሥራ ከምርቱ እኩል ይመዝናል። የመዋቢያ ደረጃውን ለመርፌ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ለመርፌ የሚሆነው የኢንዶቶክሲን (ትኩሳት የሚያስነሳ የባክቴሪያ መርዝ)፣ የፕሮቲንና የንጽሕና ገደቦቹ ለእያንዳንዱ የምርት ዙር ተለክተው መጻፍ አለባቸው። ሞለኪውላዊ ክብደቱንም ይመልከቱ፦ ለመገጣጠሚያና ለዓይን ቀዶ ሕክምና ረጃጅም ሰንሰለት ያለው ይፈለጋል። በእንፋሎት ሙቀት ማምከን ሰንሰለቱን ስለሚቆርጠው፣ የተጻፈው ክብደት ከማምከን በፊት የተለካ ነው ወይስ በኋላ ብለው ይጠይቁ።

ሊዩኮኖስቶክ ሜሰንቴሮይደስ ከሱክሮስ የሚሠራው ዴክስትራን ለመድኃኒትነት ተቆራርጦ በመጠን ይለያል። ዴክስትራን 40 እና 70 የሚባሉት 40,000 እና 70,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ያህል አማካይ ክብደት ያላቸው ናቸው። የደም ፈሳሽ መጠንን ለመጨመር በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ከባድ አለርጂ ሊያስነሱ ስለሚችሉ ያለ ክትትል አይሰጡም።

ለቁስል መሸፈኛ የባክቴሪያ ሴሉሎስ የሚገዛ ሰው እርጥቡን ይጠይቅ። አንዴ ከደረቀ የቀድሞውን ያህል ውሃ መልሶ አይዝም።