ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለው የአሮጌ ወረቀት ሱቅ እና የአንድ እንደራሴ ዶሴ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡባቸው ጠባብ ሱቆች መካከል አንዱ ታፔላ ባይኖረውም ከጎረቤቶቹ የሚለይበት ነገር አለው። ሌሎቹ የትምህርት መጻሕፍትና ልቦለድ ሲያቀርቡ፣ ይህ ሱቅ በአብዛኛው የሚነግደው በወረቀት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነጋሪት ጋዜጣ፣ የተጠረዘ አዲስ ዘመን፣ የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ግልባጭ፣ በሲባጎ የታሰረ የቤተሰብ ዶሴ። የፓርላማችንን ታሪክ ከባለመሬቱ ጓዳ በኩል ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሱቅ በከተማው መሃል አላገኘሁም፤ ይሁን እንጂ ሳልናገር የማላልፈው ጉድለትም አለበት።

የገዛሁት ዶሴ ከሸዋ ጠቅላይ ግዛት ተመርጦ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት፣ ማለትም በፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት፣ ያገለገለ የአንድ እንደራሴ ነው፤ ዘሮቹ ዛሬም ስላሉ ስሙን አልጠራም። አባቱ ርስት ያላቸው ፊታውራሪ ሲሆኑ፣ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት በተቋቋመው ምክር ቤት ተቀምጠዋል። በዚያ ጊዜ እንደራሴን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝብ ሲሰጥ ልጃቸው ተወዳደረ፤ የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት በዚያ ምርጫ ግን ተወዳዳሪው በምርጫ ወረዳው ውስጥ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። በዶሴው ውስጥ ያለው የእጩነት ማመልከቻም ከትምህርቱና ከሥራ ልምዱ ይልቅ ስለ ጋሻ መሬቱ በሰፊው ያትታል። ስለዚህ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ርስት ብቻ ሳይሆን ለምክር ቤት የመታጨት ዕድልም ጭምር ነበር ማለት ይቻላል።

የዶሴው ዋና ሀብት የግብር ደረሰኞቹ ናቸው። በ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ሲመደብ፣ አንድ ጋሻ ለም መሬት፣ ማለትም 40 ሄክታር ገደማ፣ 15 ብር ግብርና በአሥራት፣ ማለትም ከምርት በሚከፈለው አንድ አሥረኛ፣ ፋንታ 35 ብር፣ በጠቅላላው 50 ብር ይከፍል ነበር። በደረሰኙ ላይ ግብሩ፣ አሥራቱ፣ የትምህርቱና የጤናው መዋጮ በየረድፉ በሰማያዊ ቀለም ተሞልተዋል። ከ1960 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ላይ አሥራት የሚለው ይጠፋና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይተካዋል። አሥራትን ያስቀረውን ይህን አዋጅ ምክር ቤቱ ብዙ ተከራክሮበት፣ አሻሽሎም ነበር ያጸደቀው፤ በጎጃም ያስነሣው ዐመፅም የታወቀ ነው። እንደራሴው በዚያ ክርክር ያዘጋጀው ንግግር የካርቦን ቅጂ በዶሴው ውስጥ ይገኛል። ባለመሬቱ አሥራቱን ከኪሱ ሲከፍል እንደኖረና ተጨማሪ ጫና እንደማይችል ይከራከራል። ከዚያው የወረቀት እስር ውስጥ በወጣች ባለ መስመር ደብተር ግን የጭሰኞቹ ስም ተራ በተራ ተጽፎ፣ ከጎኑ ለባለመሬቱ የሚያካፍሉት ምርት ሲሶ ወይም እኩል ተብሎ፣ ከዚያ ቀጥሎ ከእያንዳንዳቸው የተሰበሰበው አሥራት በቁና ተመዝግቧል። ንግግሩን ብቻ ያነበበ ሰው ለወረዳው የሚቆረቆር እንደራሴ ያያል፤ ደብተሩን አጠገቡ ሲያኖር ደግሞ የተከራከረው ለማን እንደነበር ይረዳል። የመሬት ባለቤቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ለመወሰን የቀረበው ረቂቅ ሕግ ፓርላማው እስኪዘጋ ድረስ ሳይጸድቅ ለምን እንደቀረ ከዚህ ደብተር የበለጠ ያስረዳኝ ነገር የለም። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው የተሰለፉት እንዲህ ያሉ ሰዎች በተቀመጡበት አዳራሽ ደጃፍ ነበር።

የመጨረሻዋ ወረቀት አጭር ናት። ምክር ቤቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አብሮ አለፈ፤ የካቲት 25 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ደግሞ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ወረቀቷ የቀድሞው እንደራሴ ራሱ የሚያርሰው መሬት እንዲሰጠው ለገበሬ ማኅበሩ ያመለከተበት ደብዳቤ ነው። ከግርጌው ማመልከቻው እንዲታይ በሚል የፈረሙት ሊቀመንበር ስም በደብተሩ ውስጥ ከሲሶ አራሾቹ መካከል ይገኛል።

ወደ ሱቁ አገልግሎት ስመለስ፣ ባለቤቱ ትዕግሥተኛና ዐዋቂ ሰው ነው፤ የአገዛዝ ዘመኑን ከማኅተሙ ይለያል፣ ሳይገዙ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማንበብንም አይከለክልም። ዋጋ ግን በዕቃው ላይ አይጻፍም። ለዶሴው 4,000 ብር ጠይቆኝ በ3,200 ተስማማን፤ ለያዘው ነገር ውድ አልለውም። ከባድ ጉድለቱ የታሰረ ዶሴ መፍታቱ ነው። ማኅተም ያማረበት ወረቀት ለግድግዳ ጌጥ ስለሚፈለግ ከመሃል እየመዘዘ ለብቻው ይሸጣል። ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ከፈታሁት በሳምንት ያልቃል፤ ካልፈታሁት ዓመት ይቀመጣል» አለኝ። የቤት ኪራዩን አውቃለሁና ችግሩ ይገባኛል፤ ነገር ግን ደብተሩ ከንግግሩ ከተለየ ሁለቱም ምስክርነታቸውን ያጣሉ። ቢያንስ ከመፍታቱ በፊት ሙሉውን በስልኩ ፎቶ ቢያነሣና ከየትኛው እስር እንደወጣ በየወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ቢጽፍ ንግዱ አይጎዳም። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቁጥር ያለባቸው ወረቀቶች ግን ለገበያ ሊቀርቡ አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ቦታቸው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክር፣ ነው።

ነጋሪት ጋዜጣ ብቻ የሚፈልግ አንባቢም በ1936 ዓ.ም. ወደተመሠረተው ወደዚያው ወመዘክር ቢሄድ ይሻለዋል። ሱቁ የሚጠቅመው የቤተሰብ ዶሴ ለሚሻ ነው። ባለቤቱ እንደነገረኝ፣ የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ወረቀት ወደ ገበያው ስለገባ አሁን ምርጫው ሰፊ ነው። የሚሄድ ሰው የተነጠለውን ወረቀት ከማንሣቱ በፊት ያልተፈታ እስር ካለ ይጠይቅ፤ ከጓሮው መደርደሪያ ያወጣለታል።

ከእኔ ዶሴ ውስጥ የንግግሩ ሦስተኛ ገጽ ቀደም ብሎ ለሌላ ደንበኛ ተሸጧል። ሐምራዊ የካርቦን ጽሑፍ ያለበት፣ በቀኝ ኅዳጉ በእርሳስ የተደመሩ አኃዞች የሚታዩበት ገጽ ነው። በእጁ ያለ ሰው ፎቶ ኮፒውን ለባለ ሱቁ ቢተውልኝ ወጪውን እሸፍናለሁ፤ የእኔንም ገጾች በሙሉ ገልብጬ እሰጠዋለሁ።