«ጌስ ሁስ ካሚንግ ቱ ዲነር» ዛሬ ጎጃም ላይ ሲታይ

ስታንሊ ክሬመር ያዘጋጀው ይህ የአሜሪካ ፊልም (ርዕሱ «ለእራት የሚመጣው ማን እንደሆነ ገምቱ» ማለት ነው) ለሕዝብ የቀረበው በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. ነው። የ37 ዓመት ጥቁር ሐኪምና የ23 ዓመት ነጭ ልጅ በተዋወቁ በ10 ቀናቸው ሊጋቡ ወስነው ሳንፍራንሲስኮ ወላጆቿ ቤት ይመጣሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጥቁርና የነጭ ጋብቻን ክልከላ የሻረው ገና ሰኔ 5 ቀን 1959 ዓ.ም. ነበር፤ እስከዚያች ዕለት በ16 ግዛቶች እንዲህ ተጋብቶ መኖር ወንጀል ነበር።

ያ ድፍረት ዛሬ ደብዝዟል። ጥንዶቹ ሲሳሳሙ የምናየው አንዴ ብቻ፣ ታክሲ ውስጥ፣ እሱም በሹፌሩ ስፖኪዮ ነው። ካሜራው አይጠጋቸውም። ሲድኒ ፖይቲየር የሚጫወተው ሐኪምም እንከን አልተተወለትም፦ ጨዋ፣ የተማረ፣ ዓለም የሚያውቀው። ይህ የተደረገው የልጅቱ አባት ከቆዳ ቀለም ሌላ ሰበብ እንዳያገኝ ነው። በዚያው ግን ፍቅሩ ሳሳ፤ ልጅቱ ምን አይታ እንደወደደችው ሳይሆን ምን ያህል የተመሰከረለት እንደሆነ ነው የሚነገረን። እሷም ከመፈንደቅ ያለፈ የምትናገረው ነገር የላትም።

ጎጃም ውስጥ ለሚያየው ሰው ግን ፊልሙ ሌላ በር አለው። ሐኪሙ ከልጅቱ ተደብቆ ለወላጆቿ «እናንተ ካልፈቀዳችሁ ይቀራል» ይላቸዋል፤ መልሱንም በዚያው ምሽት፣ አውሮፕላን ሳይሳፈር ይፈልጋል። በእኛ አገር ሦስት ሽማግሌ ደጅ ቆሞ፣ ተቀመጡ ሲባል እሺታውን ሳንሰማ አንቀመጥም የሚለውን ነገር ሰውየው ብቻውን ተሸክሞት ገባ። ዘመናዊ ተመልካች ይህን ኋላ ቀርነት ይለዋል። «አጥንቱ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሰማ ሰው ግን ክብደቱን ያውቀዋል። ፊልሙ የማይነካው የእኛ ጥያቄም እዚሁ ላይ ነው፦ ለእራት የመጣው ዓለም ያወቀው ሐኪም ሳይሆን ማረሻ የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሠራ ወይም ቆዳ የሚፍቅ ሰው ልጅ ቢሆንስ? ዛሬም ሽማግሌ የሚመለሰው በዚህ ነው።

ያላረጁት አዛውንቶቹ ናቸው። አባትየው (ስፔንሰር ትሬሲ) አይስክሬም ያዛል፤ ሲቀምሰው ያሰበው አይደለም፤ ሊያማርር ጀምሮ ደግሞ ሲቀምሰው ይወደዋል። የሰውየው ልብ እንዴት እንደሚዞር ቀድሞ የተነገረን በዚያች ማንኪያ ነው። ቢያ ሪቻርድስ የምትጫወታት የሐኪሙ እናት ደግሞ በረንዳ ላይ ድምጿን ሳታነሳ፣ ወንዶች ሲያረጁ የወጣትነት ፍቅራቸውን ይረሱታል ትለዋለች የልጅቱን አባት። ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ትዕይንት ነው።

ለማየት 108 ደቂቃ ይፈጃል። ጎኑ የተቆረጠ፣ ወደ ካሬ የተጠጋ ቅጂ አይውሰዱ፤ ሳሎን ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚቆም ዳር ላይ ያሉት አድማጮች ፊታቸው ይጠፋል፤ ቁም ነገሩ ደግሞ ያለው በሚያዳምጡት ፊት ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለማይሰሙ እናት አባት የሚተረጉም ሰው የሐኪሙን ድብቅ ቃል አስቀድሞ ይንገራቸው፤ እሱ ካመለጣቸው የቀረው ተራ ጭቅጭቅ ይመስላቸዋል። ዕቃ አድራሹ ልጅ የሚጨፍርበት ቦታ ቢታለፍ አይጎድልም። የትሬሲን የመጨረሻ ንግግር ግን ቃል በቃል እየተረጎሙ አያቋርጡት፤ ሲያበቃ ይንገሯቸው። ሲናገር የልጅቱን እናት የምትጫወተውን ካትሪን ሄፕበርንን ዓይኗን ይዩ። ትሬሲ ታሞ ነበር፣ እሷም ታውቃለች፤ ቀረጻው ባለቀ በ17 ቀኑ ሞተ።