ዊኪሚዲያ ኮመንስ፦ ለጎጃም ዲዛይነር ለኅትመት የሚበቃ ፎቶ ይገኝበታል?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ብሮሸርና ባነር የሚሠራ ዲዛይነር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ደንበኛው «ሽፋኑ ላይ ጢስ ዓባይ ይሁንልኝ» ይላል፤ የሚልከው ፎቶ ግን ከፌስቡክ የወረደ ወይም በቴሌግራም ሦስት አራት እጅ ያለፈ ነው። ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲያስተላልፍ ረጅሙን ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ይህ በኅትመት ጥራት ወረቀት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የኤ4 ግማሽ እንኳ አይሞላም።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚከፈተው ዊኪሚዲያ ኮመንስ መሆን አለበት ባዮች ነን። የዊኪፒዲያ ምስሎች የሚቀመጡበት፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ጎተራ ነው። አይከፈልበትም፣ ለማውረድ ምዝገባ አይጠይቅም። ለእኛ ሥራ ትልቁ ነገር ግን ለንግድ እንዳይውል የተከለከለ ፎቶ አለመቀበሉ ነው። ሌላ ቦታ «ነፃ» ከተባለው ፎቶ ብዙው ዝርዝሩ ሲነበብ ለንግድ የማይፈቀድ ሆኖ ይገኛል፤ የሆቴል ብሮሸር ደግሞ ንግድ ነው።

ፍለጋው ላይ በአማርኛ ብቻ ጽፎ «የለም» ማለት ስሕተት ነው። አብዛኛው ፎቶ ስሙ የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እሱም አንድ ወጥ አይደለም። ባሕር ዳር ተያይዞም ተለያይቶም፣ ጢስ ዓባይ በአማርኛ ስሙም «ብሉ ናይል ፎልስ» (Blue Nile Falls) በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙም ይገኛል። ሁሉንም መሞከር ነው። አንድ ደህና ፎቶ ከተገኘ በኋላ ከገጹ ግርጌ ያለውን ምድብ መክፈት ከአዲስ ፍለጋ ይሻላል፤ የዚያ ቦታ ሌሎች ፎቶዎች አንድ ላይ ተደርድረው ይመጣሉ። የፍለጋው የመጠን ማጣሪያ ላይ «ትልቅ» የሚለው ለስክሪን ትልቅ ማለት ነው፤ ለማተሚያ ቤት ዋስትና አይሆንም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ሲወርድ ነው። ገጹ ላይ የሚታየው ምስል ድንክዬ፣ ማለትም ተቀንሶ የተሠራ ትንሽ ቅጂ ነው፤ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ ወይም በስልክ ጣት ተጭኖ ሲቀመጥ የሚወርደው ያው ድንክዬው ነው። የፋይሉ ስም በፒክስል ቁጥር ከጀመረ ዋናው አልወረደም ማለት ነው። ከምስሉ ሥር «ኦርጅናል ፋይል» የሚል መስመር አለ፤ ስፋቱ፣ ቁመቱና የፋይሉ ክብደት አጠገቡ ተጽፏል። የሚነካው እሱ ነው። ክብደቱ አስቀድሞ መታየቱ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል፤ የማይበቃውን ፎቶ በከንቱ አያወርድም።

ይበቃል አይበቃም የሚለው ሒሳብ ቀላል ነው። በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ኅትመት፣ ማለትም በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 118 ፒክስል ያስፈልጋል። ኤ4 ሙሉ ገጽ 2480 በ3508 ነው፤ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ ሲጨመር 2551 በ3579 ይደርሳል። ኤ3 3508 በ4961 ይፈልጋል። ስለዚህ 4000 በ3000 የሆነ የ12 ሜጋ ፒክስል ፎቶ አግድም ለተያዘ ኤ4 ይበቃል፣ ለኤ3 ግን ይጎድላል። ፎቶሾፕ ውስጥ ገብቶ 72 የሚለውን ቁጥር 300 ማድረግ ብቻውን አንድም ፒክስል አይጨምርም።

ሮል አፕ፣ ማለትም ተጠቅልሎ የሚያዝ የሚቆም ባነር ላይ ነው ብዙው የሚሳሳተው። መጠኑ 85 በ200 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቆም ተብሎ ስለሚታይ 100 ዲፒአይ ይበቃዋል፤ ያም ሆኖ 3346 በ7874 ፒክስል ይሆናል። ፏፏቴው በክረምት ወደ ጎን የሚዘረጋ ስለሆነ ፎቶዎቹም አግድም ናቸው። 6000 በ4000 የሆነ ጥሩ ፎቶ ተወስዶ ቁመቱ በ200 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢለጠጥ የሚተርፈው 51 ዲፒአይ ብቻ ነው፤ ጎንና ጎኑም ተቆርጦ ይጣላል፣ ፏፏቴው ቀርቶ አንድ ዘለላ ውኃ ይሆናል። ያንኑ ፎቶ ላይኛው 57 ሴንቲ ሜትር ላይ በሙሉ ስፋቱ ማስቀመጥና ታችውን ለጽሑፍና ለቀለም መተው ወደ 180 ዲፒአይ ይሰጣል። ፎቶው ሳይቀየር አቀማመጡ ብቻ ሥራውን ያድነዋል።

ፒክስሉ ቢበቃም ቀኑ ይታይ። ወንዙ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ጢስ ዓባይ በበጋ ይሳሳል። ኮመንስ ፎቶው የተነሣበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያል፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት (በፈረንጅ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር) ያለውን መምረጥ ነው። የዘጌ ገዳማት የግድግዳ ሥዕል ሲሆን ደግሞ ከገጹ ታች የካሜራውን መረጃ ከፍቶ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚለካውን ቁጥር) ማየት ይገባል። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ 3200 እና ከዚያ በላይ ተደርጎ የተነሣ ብዙ ነው፤ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ሲታተም ግን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። የካሜራ መረጃ ጨርሶ የሌለውና መጠኑም ትንሽ የሆነ ፎቶ ከሌላ ሰው ድረ ገጽ ተነሥቶ የተጫነ ሊሆን ይችላል፤ በምስል በሚፈልጉት በጉግል ሌንስ ወይም በቲንአይ መነሻውን መፈለግ ነው።

ፈቃዱ ነፃ ቢሆንም ግዴታ አለው። በብዛት የሚገኘው ክሪዬቲቭ ኮመንስ የአንሺውን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነትና የፈቃዱን የድረ ገጽ አድራሻ መጻፍ ይጠይቃል። ብሮሸር ላይ የኋላ ሽፋን ውስጥ፣ ባነር ላይ ታችኛው ጠርዝ ላይ በትንሽ ፊደል ይበቃል። «በተመሳሳይ ፈቃድ ያጋሩ» የሚል ከተጨመረበት ያሻሻሉትን ምስል በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ግድ ነው፤ ደንበኛው ይህን ካልፈለገ ሌላ ፎቶ ይፈለግ። የሰው ፊት ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። አንሺው መፍቀዱ የመነኩሴውን ወይም የታንኳ ቀዛፊውን ፈቃድ አይተካም። ለማስታወቂያ ከሆነ ፊት የሌለበትን መውሰድ ይሻላል እንላለን።

የኮመንስ ጉድለት ሁሉንም ቦታ እኩል አለመሸፈኑ ነው። ጎብኚ የሚበዛበት፣ ጢስ ዓባይና የጣና ዙሪያ፣ በደንብ አለ። የጮቄ ጅብራ፣ ግሽ ዓባይ፣ የሞጣና የቡሬ ከተሞች ሲሆኑ ምርጫው ይጠባል። ጣናን ከላይ ማሳየት ለሚፈልግ ግን የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ነፃ ነው፤ አንድ ፒክስሉ 10 ሜትር ስለሆነ 84 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐይቅ 8400 ፒክስል ይወጣዋል፣ ይኸውም 71 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፖስተር ነው። ሳተላይቱ የሚገኝበትን የአውሮፓ መርሐ ግብር፣ የኮፐርኒከስን ስም መጥቀስ ግድ ነው።

ያለውን ትንሽ ፎቶ እንደ አፕስኬል ባሉ ፕሮግራሞች ማሳደግ ለሣር፣ ለድንጋይና ለውኃ ያስኬዳል። ፊደል ላይ ግን አደገኛ ነው። ፕሮግራሙ የግእዝ ፊደልን ስለማያውቀው የሥዕሉን ጽሑፍ ፊደል መሳይ ጭረት ያደርገዋል፤ የቅዱሳን ፊትም ይለወጣል። የገዳም ሥዕል በዚህ መንገድ መታተም የለበትም።

ኮመንስ ላይ ካልተገኘ የአካባቢውን ፎቶ አንሺ መጠየቅ ነው። ፎቶ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለ25 ዓመት የተጠበቀ ስለሆነ ከአንሺው ገጽ ላይ ዝም ብሎ ማውረድ አይቻልም፤ ዋጋውም መጠኑም አብሮ ይነገር። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ «ካሜራው ያወጣውን ኦርጅናል፣ ሳይቆረጥ፣ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩልኝ፤ ረጅሙ ጎን ከ5000 ፒክስል እንዳያንስ።»